በቦረና አፋፍ በእግር

በቅሎዋ ጭነቱን አልወደደችውም። ጫኙ ጉልበቱን ከጎኗ አስደግፎ መጫኛውን ሲስብ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ ዝም ብላ ቆየች። ቀጥላ ወገቧን አንዴ ነቀነቀችና ድንኳኑን፣ የሽሮውን ከረጢት፣ ጀሪካኑን ሁሉ መስኩ ላይ ዘረገፈችው። ማንም አልተቆጣትም። አስጎብኚያችን ጎንበስ ብሎ ዕቃውን እየለየ፣ "ወደ ቀኝ አዘንብሎ ነበር፤ ከእኛ በፊት እሷ አወቀችው" አለ። ጭነቱ እንደገና ለሁለት ተከፈለ፣ ግራና ቀኙ ተመዛዘነ፣ መጫኛው ዳግመኛ ጠበቀ። መካነ ሰላም ከኋላችን ገና አልነቃችም፤ ከቆርቆሮ ጣሪያዎቿ ላይ የማገዶ ጢስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጊዜው ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነበር፤ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል።

ስድስት ሆነን ነው የተነሣነው። ከአዲስ አበባ እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ከጄኖቫ የመጣችው የአክስቴ ልጅ፣ የቦረናው አስጎብኚ፣ ጠመንጃ ያነገተ የፓርክ ስካውት እና በቅሎ ጫኙ። አራት ቀን በእግር ልንሄድ ነው፦ ከከተማው ተነሥተን ገበሬው ደንቆሮ ጫካ ወደሚለው ደን፣ ከደኑ ወደ አስታውና ጓሳው፣ ከዚያ አፋፍ አፋፉን ይዘን ልንመለስ። እኔ ወሎን የማውቀው በመኪና መስኮት ነበር። ደሴን፣ ሐይቅን፣ ኮምቦልቻን አውቃለሁ፤ ይህን ወገኑን ግን ስሙን ብቻ።

የወሎዋ ቦረና ከተማ መካነ ሰላም ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። አውቶቡሱ ጉጉፍቱ ላይ ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ መስኮት ይዘጋል፣ ጋቢ ይከናነባል። ቀጥሎ የለጋምቦ ሜዳ ነው፤ አቀስታ፣ ከአቀስታ በኋላ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ቱሉ አውሊያ። ገብስ፣ በግ፣ ባሕር ዛፍ፣ ደግሞ ገብስ። ሜዳው የሚያልቅ አይመስልም። ከዚያ መሬቱ በድንገት ይቆረጣል። ደጋው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየተደራረበ የፈሰሰ ቅልጥ አለት የሠራው ጠረጴዛ ነው፤ ዓባይና ገባሮቹ በሽሎና ወለቃ ያንን ጠረጴዛ ከዳር ከዳሩ ሲቆርሱት ኖረዋል። በዚህ ምክንያት ከአፋፍ የሚጣራ እረኛ ማዶ ያለው ጓደኛው ይሰማዋል፤ ልሂድ ቢል ግን ወርዶ ለመውጣት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። መኪና እንዲህ ባለ አገር ዞሮ ነው የሚሄደው። እግር ግን ያቋርጣል።

የአክስቴ ልጅ በጄኖቫ አሥራ አራት ዓመት ኖራለች፤ አረጋውያንን በየቤታቸው ትንከባከባለች። ዕረፍት ባገኘች እሑድ በባቡር ወደ ምሥራቅ ትሄድና ቺንኩዌ ቴሬ በሚባለው የሜዲትራንያን ዳርቻ በእግሯ ትውላለች። አምስት ትንንሽ መንደሮች ናቸው፤ ሞንቴሮሶ፣ ቬርናትዛ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላ፣ ሪዮማጆሬ። ከገደሉ ላይ እንደ ሽኮኮ ተለጥፈው ባሕሩን ይመለከታሉ። መንደሮቹን የሚያገናኘው የእግር መንገድ በወይን እርከን መካከል ያልፋል። ዩኔስኮ አካባቢውን እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ዛሬ በባሕሩ አጠገብ በሚያልፈው መንገድ ላይ ለመሄድ የፓርኩን ካርድ መግዛት ያስፈልጋል።

"ለእግር መንገድ ይከፈላል?" ብሎ ጠየቃት አስጎብኚው፤ ከተማውን ለቀን ወደ ገብሱ መካከል ስንገባ ነው።

"ይከፈላል። ድንጋዩን ሰው ነው የካበው። ካልተጠገነ ይናዳል።"

አስጎብኚው ጥቂት ዝም ብሎ ሄደ። ከዚያ፣ "እዚህ ደግሞ ሣሩን ሰው ነው የተወው" አላት።

ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም ነበር። በሦስተኛው ቀን ነው የገባኝ፤ ከዚያ ወዲህም ከአእምሮዬ አልወጣም።

የመጀመሪያው ቀን መንገድ የሰው ቀዬ ነው። ገብሱ በየማሳው ደርሷል፤ ገሚሱ ታጭዷል፣ ገሚሱ ነፋስ እያጋደመው ቆሟል። የሚያጭዱ ሰዎች ቀና ብለው፣ "አፍያ ናችሁ? አማን ናችሁ?" ይላሉ፤ እኛም መልሰን፣ እነሱም ደግመው። በወሎ ሰላምታ ቸኩለው የሚያልፉት ነገር አይደለም፤ አንድ ሰው ሰላም ለማለት ቆሞ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ጠይቆ ነው የሚለቅህ። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ላይ በሰዓቷ እርምጃዋን ትቆጥር ነበር። ከሦስተኛው ማሳ በኋላ ሰዓቷን ፈትታ ኪሷ ከተተችው።

እኩለ ቀን ሲሆን አንዲት እናት ከደጃፋቸው ቆመው ጠሩን። "ፀሐይ ላይ ምን ያደርጋችኋል፣ ግቡ እንጂ ልጆቼ።" ቤታቸው የድንጋይ ግድግዳ ያለው ጎጆ ነው፤ ጣሪያው በጓሳ ሣር ተከድኗል። ቡና ተቆላ። ጢሱ ሲነሣ እጃቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉ፤ ለዝናቡ፣ ለመንገደኛው፣ ለአገሩ። የእኛው በቅሎ ጫኝ ማተብ አሳሪ ነው፤ እሱም ከሁላችን ጋር "አሚን" አለ። አቦል ወረደ፣ ቶና ወረደ፣ በረካ ካልተጠጣ መነሣት የለም። ከቡናው ጋር ትኩስ የገብስ ቆሎ በሰፌድ ቀረበ። ባልደረባዬ ሲነሣ ገንዘብ አውጥቶ ሊሰጣቸው ቢል እማማ ፊታቸውን አዞሩ። አስጎብኚው ቀስ ብሎ እጁን ያዘው። በኋላ መንገድ ላይ አስረዳን፤ እንግዳ ሲመጣ ቡና ማፍላት የእሳቸው ክብር ነው፤ ገንዘብ ከመጣ ቀድሞ በተነጋገሩት፣ ለማደሪያና ለምግብ ተብሎ በተቆረጠ ዋጋ ነው መምጣት ያለበት። "ደጃፍ ላይ የሚሰጥ ብር ሰውን ለማኝ ያደርጋል" አለን። ይህን የተናገረው ልክ ስለ ጭነቱ ሚዛን እንደተናገረው በለዘበ ድምፅ ነው።

የእንግድነት ባህልንና የእግር ጉዞ ንግድን አስታርቆ ማስኬድ ቀላል አይደለም፤ በአገራችን ግን ተሞክሮ ሠርቷል። ከዚህ በስተ ሰሜን፣ በሰሜን ወሎ መቄት፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተስፋ የተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ተጀመረ። የመጀመሪያው ማረፊያ መቋት ማርያም ነው፤ ገበሬዎቹ ከገደል አፋፍ ላይ ጎጆዎችን ሠሩ፣ እንግዳ መቀበልን ተማሩ፣ አህዮቻቸውን ለጭነት አከራዩ። ተጓዡ ከላሊበላ ተነሥቶ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል፤ በየደረሰበት የሚቀበለው፣ የሚያበላው፣ ጭነቱን የሚያሻግረው የዚያው አካባቢ ሰው ነው። ገቢው ለሠሩትና ለማኅበሩ ይከፋፈላል። በመቄት ያደሩ ሰዎች የሚያወሩትን ሰምቻለሁ፤ ስለ ገደሉ ውበት ይጀምሩና እግራቸውን በሞቀ ውኃ ስላጠበላቸው ሰው ይጨርሳሉ።

ወሎ ሲባል የ66ቱንና የ77ቱን ረሃብ የሚያስታውስ ሰው ብዙ ነው። ያን ጊዜ የውጭ ሰው ወደዚህ አገር የመጣው ካሜራና ስንዴ ይዞ ነበር። የዚህ ደጋ ገበሬ ዛሬም በልግ ሲቀር ጎተራው ይጎድላል፤ በከፍታው ላይ ከገብስ በቀር ብዙ አማራጭ የለውም። ስለዚህ አንድ መንገደኛ የገበሬውን ምግብ በልቶ፣ ለእሱም ለበቅሎውም ተገቢውን ከፍሎ ሲያልፍ፣ ነገሩ ከመዝናናት ያልፋል። ሰውየው በራሱ አገር አስተናጋጅ ሆኖ መቆም ይጀምራል።

ማምሻችንን ከደኑ ጥግ ደረስን። ጥዱና ወይራው ከሸለቆው ውስጥ ጠቁሮ ይታያል፤ ጋጋኖዎች እየጮኹ ወደ ማደሪያቸው ይበራሉ። ድንኳን ስንተክል ብርዱ ከመሬት መነሣት ጀመረ።

የቦረና ሳይንት ፓርክ የተከለለው በ2001 ዓ.ም. በክልሉ መንግሥት ነው። መጀመሪያ ይህን ደንና ከደኑ በላይ ያለውን ደጋ ብቻ የያዘ፣ ከ4,000 ሄክታር ትንሽ ከፍ የሚል ነበር፤ ኋላ ሰፋ፣ ወረሂመኖ የሚለው ስምም ተጨመረበት። ወረሂመኖ የጥንት ስም ነው፤ ከዚህ ምድር የወጡት ባላባቶች ወሎን ገዝተዋል፣ ንጉሥ ሚካኤልም ከእነሱ ዘር ናቸው። ፓርኩ ከሸለቆው ጥድና ወይራ ጀምሮ ከ3,600 ሜትር በላይ እስካለው ውርጭ ድረስ ይወጣል። በሁለተኛው ቀን ያን ከፍታ በእግራችን ለካነው። ከታች ጉንዳን የሚመላለስበት ጥላ፣ የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለበት ኮሶ። ቀጥሎ አስታ፤ መጀመሪያ ከራሳችን በላይ፣ ከዚያ እስከ ትከሻ፣ ከዚያ እስከ ጉልበት። በመጨረሻ ዛፍ የሚባል ነገር ጠፍቶ ጓሳና ጅብራ ብቻ ቀረ። ጅብራ እንደ ዘብ ተነጣጥሎ ነው የሚቆመው። ጓሳው ረግረግ ሆኖ ከእግር ሥር ይዋጣል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ መካከል አይጥ ታልፋለች።

አይጧ ትልቅ ነገር ናት። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በእሷ ነው።

ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ የቀረው ቁጥር 500 ገደማ ነው። አብዛኛው በባሌ ነው ያለው። የቀረው በየተራራው አናት ተበታትኗል፤ በሰሜን ተራሮች፣ በአቡነ ዮሴፍ፣ በመንዝ ጓሳ፣ በዚህም በደቡብ ወሎ። እንደ ሌሎች ቀበሮዎችና ተኩላዎች ፍየል አሳድዶ አይኖርም፤ ሥራው ከጓሳው ሥር ያለችውን አይጥ አድፍጦ መያዝ ነው። ጓሳው ሲታረስ ወይም ከሥሩ ሲጋጥ አይጧ ትሄዳለች፤ እሷን ተከትሎ ቀበሮው ይጠፋል። ሌላው ጠላቱ ውሻ ነው። ከሰው ቀዬ የሚመጣ ያልተከተበ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞለት ይወጣል፤ በባሌ ይህ በሽታ በተደጋጋሚ መንጋ መንጋውን ጨርሷል። ለዚህ ነው ጥበቃው ከቀበሮው በፊት ከገበሬው ውሻ የሚጀምረው፤ ውሾቹ ይከተባሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በባሌ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በምግብ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል።

ያየነው በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ነው። ስካውቱ ከድንኳኑ ውጭ በሹክሹክታ ቀሰቀሰን። አመዳዩ ጓሳውን ነጭ አድርጎታል። ከመቶ ሃምሳ እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ላይ ያንን ነጭ የሚሻገር ቀይ ነገር አለ፤ ረጃጅም እግሮቹ ቀጭን፣ ጉሮሮው ነጭ፣ ጭራው ጫፉ ላይ ጥቁር። ቆመ። ጆሮውን ወደ መሬት አዘነበለ። ዘለለና አፈሩን በሁለት እጁ ጫረ፤ ሳተ። ወደ እኛ ፊቱን መለሰና ለአንድ አፍታ ተመለከተን። የአክስቴ ልጅ ስልኳን አንሥታ ነበር፤ እጇ በብርዱ ይሁን በሌላ ነገር ስለተንቀጠቀጠ መልሳ አወረደችው። ፎቶ የለንም። ስካውቱ ብቻ በኪሱ ባለች ደብተር ሰዓቱንና ቦታውን ጻፈ።

ዝቅ ብሎ፣ ከገደሉ ጥግ፣ ጭላዳዎቹ ከማደሪያቸው ይወጡ ነበር። ሌሊቱን ከገደሉ ላይ አድረው ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሣሩ ይመጣሉ፤ ከዝንጀሮ ወገን በዋናነት ሣር እየጋጠ የሚኖር እሱ ብቻ ነው። ወንዱ ደረቱ ላይ ቀይ ቦታ አለው፤ ጎፈሩን ነፋስ ሲመታው ከፊት ለፊቴ አንበሳ የቆመ መስሎኝ ነበር።

ረፋድ ላይ አንድ ገበሬ አገኘን። በግ እየነዱ ነው፤ ከጓሳው አፋፍ፣ ከድንበሩ ምልክት ወዲህ። ባና ደርበዋል፤ ዱላቸውን ከትከሻቸው ላይ አጋድመዋል። ከስካውቱ ጋር እንደሚተዋወቁ ከሰላምታቸው ያስታውቃል፤ ግን ሰላምታው አጭር ነበር።

"እናንተስ ቀበሮውን ለማየት ነው?"

"አዎ፣ አባ።"

"እኔ ከልጅነቴ አየዋለሁ። ክፉ አይደለም። በጌን ነክቶ አያውቅም።" በዱላቸው ጓሳውን አመለከቱ። "ግን ይኼ ሣር የአባቴ ግጦሽ ነበር። ቤት የምንከድንበት፣ ገመድ የምንገምድበት፣ ክረምት ገሳ የምንሠራበት። አሁን ለቀበሮው ነው አሉን። እሺ አልን። የእኔስ በግ ምን ይብላ? ይኼን የሚመልስልኝ አጣሁ።"

ማንም አልመለሰላቸውም። አስጎብኚው ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። ሣሩን ሰው ነው የተወው ያለን ይህን ነው። እሳቸው የተዉትን እኛ ልናይ መጥተናል።

በዚህ ላይ የምለው አለኝ። ፓርክ የሚባለው ነገር በካርታ ላይ መስመር ሲሰመር አይጸናም፤ መስመሩ ያሳጣቸው ሰዎች በምትኩ የሚያገኙት ሲኖር ነው የሚጸናው። በመንዝ ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። የጓሳ ደጋ ለዘመናት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ተጠብቆ ኖሯል፤ የአስቦና የጌራ ሰዎች ሣሩን ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉታል፣ ሣሩ ሲደርስ ወይም ክፉ ዘመን ሲመጣ በጋራ ውሳኔ ይከፍቱታል። አጫጁም ጠባቂውም ያው ሰው ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው፤ ሕዝቡ ግን በኋላ በአዲስ መልክ መልሶ አቆመው። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው፤ የማኅበረሰቡ የሆነ የእንግዳ ማረፊያም አለው፣ ተጓዡ የሚከፍለው ለዚያው ለሣሩ ባለቤት ነው። ቀይ ቀበሮውም አለ። ቦረና ላይ ሕጉ ቀድሞ መጣ፣ ተጓዡ ግን በበቂ ቁጥር አልመጣም። በመካከሉ የቆሙት እኚያ ባለ ባና ሰው ናቸው።

በእግር የሚሄድ እንግዳ ከሌላው የሚለየውም በዚህ ነው። መኪና ይዞ የሚመጣ ጎብኚ መንገድ ይፈልጋል፣ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ከተማ ላይ ያድራል፤ ገንዘቡ እዚያው ይቀራል። እግረኛ ግን በየሰዓቱ ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ይደክመዋል። እንቁላል ከአንዱ ቤት፣ ድንች ከሌላው፣ በቅሎ ከሦስተኛው ይገዛል፣ ይከራያል። በቱርክ የሜዲትራንያን ዳርቻ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የሊክያ መንገድ የሚባል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተ፣ አገሩ ውስጥ የምትኖር ኬት ክሎ የምትባል እንግሊዛዊት የድሮ የእረኛና የበቅሎ መንገዶችን አገጣጥማ በቀይና ነጭ ቀለም ምልክት ያደረገችበት። አዲስ መንገድ አልተሠራም፤ የነበረው ነው የተሰየመው። ከዚያ ወዲህ መንገዱ በሚያልፍባቸው መንደሮች ቤታቸውን ለእንግዳ ያዘጋጁ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ቦረና ውስጥም መንገዱ አለ። በቅሎዋ ታውቀዋለች።

ከሰዓት በኋላ ከአፋፉ ጥግ ተቀምጠን ሳለ ጉም መጣ። ከቆላው ተነሥቶ ሸለቆውን ቀስ እያለ ሞላው፤ አምባዎቹ አንገታቸው ብቻ ቀርቶ እንደ ደሴት ቆሙ። የአክስቴ ልጅ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወደ ገደሉ ዘርግታ ነበር። "ሞንቴሮሶ ላይ እንዲህ እቀመጣለሁ" አለች። "ማዕበሉ ብቻ ነው የጎደለው።" አስጎብኚው ባሕር አይቶ አያውቅም። ምን ይመስላል ብሎ ሲጠይቃት ብዙ አሰበችና፣ "ልክ እንደዚህ፤ ግን ድምፅ አለው" አለችው።

ከዚያ ስለ ቺንኩዌ ቴሬ ሌላውን ወገን ነገረችን። የወይኑን እርከን ሰዎች ባለፉት ሺህ ዓመታት ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየካቡ ነው የሠሩት። ወጣቱ ወደ ፋብሪካና ወደ ከተማ ሲሄድ እርከኑ ያለ ሰው ቀረ፤ ካብ የሚጠግን ጠፋ። በጥቅምት ወር እ.ኤ.አ. 2011 ኃይለኛ ዝናብ ወርዶ ጭቃና ድንጋይ ሞንቴሮሶንና ቬርናትዛን አጥለቀለቀ፤ ሰው ሞተ። በተከታዩ ዓመት ሪዮማጆሬንና ማናሮላን በሚያገናኘው፣ አንድ ኪሎ ሜትር በማይሞላው ዝነኛው የፍቅር መንገድ ላይ ድንጋይ ተንዶ አራት ጎብኚዎችን አቆሰለ። መንገዱ ያን ጊዜ ተዘግቶ እኛ አፋፉ ላይ ስናወራም ገና አልተከፈተም ነበር፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። "ሰዉ የሚመጣው ወይኑን ለማየት ነው" አለች። "ወይኑን የሚተክለው ሰውዬ ግን ሽማግሌ ነው። እኔ የምንከባከበው እሱን ነው።"

ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ ማስታወሻውን ከፈተ። እኔ ግን ስለ ጠዋቱ ገበሬ አሰብኩ።

በዚህ ደጋ በእግር መጓዝ አዲስ ነገር አይደለም። መጥተው ያለፉት ብዙ ናቸው። ከዚህ ወዲያ በሳይንት፣ አናቱ ጠፍጣፋ በሆነ አምባ ላይ ተድባበ ማርያም አለች፤ በ1551 ዓ.ም. በጦርነት የወደቀው ዐፄ ገላውዴዎስ የተቀበረባት። በዚሁ በቦረና ምድር፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው በረሃማ ወገን፣ መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሰው የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ገዳም ይገኛል፤ ሐምሌ 7 ቀን ክብረ በዓሉ ሲሆን ምእመናን በጭቃና በዝናብ ውስጥ በእግራቸው ይወርዳሉ። መስከረም 21 ወደ ግሸን የሚጎርፈው ሕዝብ፣ ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚሄደው ሕዝብ እንዲሁ ነው። ስንቁ በሶና ቆሎ፣ ማደሪያው የማያውቁት ሰው ቤት። የእኛ የአራት ቀን ጉዞ ከዚህ ሁሉ አጠገብ ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ያደግንበት የመንገደኛ ሥርዓት ያው መሆኑ ደስ አሰኘኝ።

በሰሜን በኩል፣ ከበሽሎ ማዶና ወዲህ፣ ሌላ ጉዞ አለ፤ ከባዱ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲሄዱ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን አስጎትተው ነበር፤ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ መድፍ። የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ ለማሻገር መንገዱን ድንጋይ በድንጋይ ማስጠረግ ነበረባቸው፤ ንጉሡም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደነበር ይነገራል። ግማሽ ዓመት ፈጀባቸው። በሌላ በኩል የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነሥቶ 13,000 ያህል ወታደርና ከህንድ ያመጣቸውን 44 ዝሆኖች ይዞ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን በመቅደላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። መድፉ ዛሬም እዚያው አምባው ላይ አለ። ወደ መቅደላ በእግር የሚወጣ ሰው በመጨረሻ የሚደርሰው እሱ ዘንድ ነው፤ ብርድና ፀሐይ እየተፈራረቁበት፣ አፉ ባዶ። እኔ አልደረስኩም፤ አስጎብኚያችን ግን ሁለት ጊዜ ሰው ወስዷል። "ከወጡ በኋላ ማንም አያወራም" አለን።

አራተኛው ቀን ቁልቁለት ነበር። ጉልበት የሚያመው ሽቅብ ሳይሆን ቁልቁል መሆኑን በዚያ ቀን ተማርን። በቅሎዋ ከፊት ሆና የት እንደምትረግጥ እያየን እሷ በረገጠችበት ረገጥን።

መካነ ሰላም ስንገባ መሽቶ ነበር። ከአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሒሳብ ተሠራ። አስጎብኚው ወረቀቱን አወጣና አንድ በአንድ አነበበ፤ የስካውቱ አበል፣ የበቅሎዋ ኪራይ፣ የሦስቱ ሌሊት ማገዶና ውኃ፣ ድንችና እንቁላል ያመጡ ቤቶች፣ የፓርኩ መግቢያ። በመጨረሻ የራሱ። በቅሎ ጫኙ ብሩን ቆጥሮ አጠፈና በደረቱ ኪስ አስገባ፤ ከዚያ መጫኛውን ከበቅሎዋ ፈትቶ በክርኑና በመዳፉ መካከል እያዞረ መጠቅለል ጀመረ። ቆዳው በመዳፉ ብዛት ጥቁርና ልስልስ ሆኗል። "የአባቴ ነው" አለን፤ ሳንጠይቀው። "በቅሎ ያልቃል፣ ይኼ አያልቅም።" የአክስቴ ልጅ ለባለ ባናው ገበሬ የሚሆን ነገር በወረቀቱ ላይ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። አስጎብኚው ራሱን ነቀነቀ። "እሳቸው ጋ የሚደርስ መንገድ ገና አላገኘንም" አላት።

ከዚያ ኮሮና መጣ። የሰሜኑ ጦርነት ወሎን አዳረሰው፤ በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ የሆኑትን አንባቢ ያውቃል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ለመዝናናት በእግሩ የሚመጣ እንግዳ ይቅርና፣ የአገሩ ሰው ከወረዳ ወረዳ መሄድ ከብዶታል። መንገድ ይዘጋል፣ ስልክ ይቋረጣል። የእግር ጉዞ ሰላም ሲጠፋ ከሁሉ በፊት የሚቋረጥ፣ ሰላም ሲመጣ ከሁሉ በኋላ የሚመለስ ነገር ነው፤ እንግዳ ባዶ እጁን በማያውቀው ገደል ዳር እንዲሄድ የሚያደርገው መተማመን ብቻ ነውና።

አስጎብኚያችንን ባለፈው ጊዜ በስልክ አገኘሁት። መስመሩ ይቆራረጣል። ልጆቹን ጠየቅኩት፤ ደህና ናቸው። ገብሱን ጠየቅኩት፤ ደህና ነው፣ ዝናቡ አልከፋም። የአክስቴን ልጅ ጠየቀኝ፤ አሁንም እሑድ እሑድ በዚያ ባሕር ዳር ትሄዳለች ወይ አለኝ። ትሄዳለች አልኩት፤ ስለ ጉሙም ታወራለች።

"በቅሎዋስ?" አልኩት።

"ሸጣት። ሥራ የለ፣ ምን ያድርግ። አምና ነው።"

ዝም ተባባልን። ድምፁ ጠፋ ብዬ ልዘጋ ስል መልሶ መጣ።

"መጫኛውን ግን አልሸጠውም" አለኝ። "ቤቱ ገብቼ አየሁት። ከምሰሶው ላይ ሰቅሎታል፤ ቅቤ ቀብቶ።"